«ይቺ ቁጥር ምን ማለት ነች?»

ደባርቅ ላይ ሰው «ዛሬ በረደኝ» ካለ ቀልዱን አይደለም። ከተማዋ 2,850 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ተቀምጣ የሰሜን ተራሮችን ንፋስ በየጠዋቱ ትቀበላለች። እንዲህ ባለ አንድ ጠዋት ከወዳጅ ቤት ቡና ተፈልቶ አቦሉ ሲቀዳ፣ አጠገቤ የተቀመጠች የ23 ዓመት ወጣት የነጠላዋን ጫፍ ፈትታ አራት ትንንሽ ወረቀቶች አወጣች። ከጀርባዋ የአሥራ አንድ ወር ሴት ልጅ አዝላለች። እኔማ ለስኳር የሚሆን ብር ልታወጣ መስሎኝ ነበር። ለካስ የላቦራቶሪ ወረቀቶች ናቸው፤ ከመታጠፍ ብዛት ሊቀደዱ ደርሰዋል።

በአራቱም ላይ «ሲ.አር.ፒ» የሚል ጽሑፍ አለ፤ ከጎኑ ቁጥር። በመጀመሪያው 4፣ በሁለተኛው 48፣ በሦስተኛው 21፣ በመጨረሻው «ከ6 በታች»።

«አንተ ጋዜጣ ላይ የምትጽፍ ሰው ነህ አሉ» አለችኝ። «ይቺ ቁጥር ምን ማለት ነች? ስትወጣ ልቤ አብሯት ሲወጣ፣ ስትወርድ አብሯት ሲወርድ ከረመ። ቁጭ አድርጎ ያስረዳኝ ሰው ግን አልነበረም።»

ውድ አንባብያን፣ የዛሬው ጽሑፋችን ለእሷ የተሰጠ መልስ ነው። ከእናንተም መካከል ነገ ወይም ከነገ ወዲያ «ሙቀት ክፍል» ከሚባለው በር ፊት ለፊት የሚቆም አይጠፋምና አብራችሁን ዝለቁ።

«ሽንት ነው» የተባለው ውሃ

ነገሩ እንዲህ ነው። ወጣቷ የዳባት ልጅ ናት። ባሏ ቱሪስት የሚመራ ጎልማሳ ነው፤ ትውልዱ ከፓርኩ ውስጥ፣ ከጨነቅ በታች ካለች መንደር። ተጋብተው ደባርቅ ቤት ተከራዩ። በሰባተኛው ወር አንድ ማታ ውሃ ወረዳት። ጥቂት ነው። የባሏ እህት «ሽንትሽ ነው፣ ማሕፀን ሲከብድ እንዲህ ያደርጋል» አለቻት። ሁለት ቀን ቆየች። በሦስተኛው ቀን ብርድ ብርድ አላት፤ ትኩሳት ሆነ፤ ከዚያ ምጥ።

አምቡላንስ ተጠርቶ በዳባት፣ በአምባ ጊዮርጊስ አድርጎ ወደ ጎንደር። መንገዱ 100 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ከነሐሴ 2015 ዓ.ም ወዲህ በክልሉ በተነሳው ግጭት ይህ መንገድ ስንቴ ተዘግቶ ስንቴ እንደተከፈተ የአካባቢው ሰው ያውቀዋል። የእሷ ቀን መልካም ሆኖ መንገዱ ክፍት ነበር። ልጅቱ በ29 ሳምንቷ፣ 1,150 ግራም ሆና ተወለደች። አንድ ኪሎ ስኳርና ትንሽ ምራቂ እንደማለት ነው።

«የሰባት ወር ልጅ ያድጋል፤ የማያድግ የስምንት ወር ነው» ሲባል ሰምታችሁ ይሆናል። አማትየውም ይህንኑ ብለው ነበር ምጥ ላይ ያለችውን ያጽናኗት። ለማጽናናት ደግ ነው፤ እውነት ግን አይደለም። በማሕፀን አንድ ሳምንት በተጨመረ ቁጥር ሳንባው ይበስላል። የስምንት ወሩ ከሰባት ወሩ ሁልጊዜም የተሻለ ዕድል አለው።

ወደዚያች ውሃ ልመለስ። ከቀኑ በፊት የሚወርድ ውሃ፣ ጥቂትም ቢሆን፣ በተለይ ትኩሳት ከተከተለው፣ ቀጥ ብሎ ሐኪም ቤት የሚያስኬድ ነገር ነው። ልጁ የተጠቀለለበት ሽፋን ከተቀደደ ተሕዋስያን ከታች ወደ ላይ ይወጣሉ። ሽፋኑ ይቆጣል። ልጁም ገና ሳይወለድ መቆጣቱ ይደርሰዋል። የብዙ ያለጊዜው ምጥ መነሻ ይኸው ነው።

እሪታው

ለመሆኑ ሲ.አር.ፒ ምንድነው?

ጉበት የሚሠራው ፕሮቲን ነው፤ ሙሉ ስሙ ሲ-ሪአክቲቭ ፕሮቲን። እ.ኤ.አ. በ1930 ቲሌትና ፍራንሲስ የተባሉ ሁለት ሐኪሞች ኒው ዮርክ በሚገኘው የሮክፌለር ተቋም በሳንባ ምች በታመሙ ሰዎች ደም ውስጥ አገኙት። ጤነኛ ሰው ላይ እዚህ ግባ የማይባል መጠን ነው ያለው። ሰውነት ሲቆጣ ግን ሽቅብ ይወጣል።

እንዲህ አስቡት። በሌሊት ሰፈር ውስጥ እሪታ ተሰማ። ሰው ሁሉ ዱላውን ይዞ ይወጣል። ጅብ ይሁን ሌባ፣ ወይስ አንዲት እናት ክፉ ሕልም አይታ ይሁን፣ እሪታው አይናገርም። «አንድ ነገር አለ» ብቻ ነው የሚለው። ሲ.አር.ፒ ያ እሪታ ነው። ተሕዋስያን ደም ውስጥ ሲገቡ ይጮኻል፤ ምጡ ረጅምና አስቸጋሪ ከነበረ ግን ተሕዋስያን ሳይኖሩም ሊጮኽ ይችላል።

ሌላም አለ። እሪታው ዘግይቶ ነው የሚሰማው። በመጀመሪያ የነጭ ደም ሕዋሳትና ጓደኞቻቸው «ኢንተርሉኪን 6» የሚባል መልእክተኛ ይልካሉ። ያ ጉበት ደርሶ ጉበት ሥራ እስኪጀምር ከስድስት እስከ አሥራ ሁለት ሰዓት ይፈጃል። ጣራው ላይ የሚደርሰው ከአንድ እስከ ሁለት ቀን ባለው ጊዜ ነው።

እና የወጣቷን ወረቀቶች እንይ። በተወለደች በጥቂት ሰዓት የተወሰደው 4 ነው፤ ብዙ ቦታ ከ10 በታች ከሆነ ደህና ይባላል። ዘመድ ሁሉ «ተመስገን» አለ። በማግስቱ 48 ሲመጣ እናትየው በሌሊት አንድ ሰው አንድ ነገር ያደረገባት መሰላት፤ ሲስተሯንም ክፉኛ ተጠራጠረቻት። ማንም ምንም አላደረገም። የመጀመሪያዋ 4 የተለካችው እሪታው ሳይጀምር ነው። ሐኪሞች በአንድ ልኬት የማይተማመኑትና በማግስቱ ደግመው የሚወጉት ለዚህ ነው። በሃያ አራት ሰዓት ልዩነት ሁለት ጊዜ ተለክቶ ሁለቴም ዝቅ ካለና ልጁ ደህና ከሆነ ግን ትልቅ ጥቅም አለው፤ አንቲባዮቲክ በከንቱ አይቀጥልም።

ከዚያ መድኃኒቱ ሠራ፤ 21 ሆነ፤ ከ6 በታች ወረደ። የደሟ ነገር አበቃ። እናትየውም ልጇን ታቅፋ የምትወጣበትን ቀን መቁጠር ጀመረች። ልጅቱ ግን ከኦክስጅኑ አልላቀቅ አለች። አሥር ቀን፣ ሃያ ቀን፣ ሃያ ስምንት ቀን...

«ቁጥሩ ወርዷል ብላችሁኝ አልነበር? ታዲያ ልጄ መቼ ነው ያለ ቱቦ የምትተነፍሰው?» ብላ በአንዱ ሐኪም ላይ መጮኋን ስትነግረኝ አሁንም ታፍራለች። ጥያቄዋ ግን ትክክለኛው ጥያቄ ነበር።

ዱላ ይዞ የወጣው ሰፈር

እሪታ ሰምቶ የወጣ ሰፈር ጅቡን ካባረረ በኋላ ምን ትቶ ይሄዳል? የተረገጠ ጓሮ፣ የፈረሰ አጥር፣ የተሰበረ እንስራ። በጨለማ የተወነጨፈ ዱላ የሚያርፍበትን አይመርጥም።

ሳንባ ላይ የሚሆነውም ይኸው ነው። በ29 ሳምንት የልጅ ሳንባ ገና ሰፋፊ ከረጢት ነው። ኦክስጅን ወደ ደም የሚያልፍባቸው እነዚያ ጥቃቅን ጓዳዎች በብዛት የሚሠሩት ዘጠኝ ወር ሊሞላ ሲል እና ከተወለደ በኋላ ባሉት ዓመታት ነው። ከረጢቱ እንዳይጣበቅ ከውስጥ የሚቀባው ቅባትም (ሰርፋክታንት ይሉታል) በበቂ የሚገኘው በ34ኛና በ35ኛ ሳምንት ገደማ ነው። እዚህ ጅምር ቤት ውስጥ ነው እንግዲህ ዱላ የያዘው ሰፈር የሚገባው። ነጭ የደም ሕዋሳት ተሕዋስያንን ለመግደል የሚረጩት ኬሚካል ጅምሩን ግድግዳ አብሮ ይበላዋል። ጓዳዎቹ መከፋፈላቸውን ያቆማሉ፤ የደም ሥሮቹም በወጉ አይዘረጉም። እሪታው ዝም ካለ በኋላ፣ ማለትም ሲ.አር.ፒ ወርዶ 6 ከገባ በኋላም፣ የተረገጠው ጓሮ እንደተረገጠ ነው።

እሪ የሚያስብለው ተሕዋስያን ብቻ አይደለም። በመሣሪያ ኃይል የሚገፋ አየር ሳንባውን ይለጥጠዋል፤ ይቆጣል። ሕይወት ያተረፈው ኦክስጅን ራሱ ሲበዛ ያቃጥላል፤ ዓይንንም ይጎዳል። ይህን በሽታ እ.ኤ.አ. በ1967 ለመጀመሪያ ጊዜ የጻፈው አሜሪካዊው ዶክተር ኖርዝዌይ ያየው ይህን ነበር፤ በመሣሪያና በብዙ ኦክስጅን የተረፉ ሕፃናት ሳንባቸው ጠባሳ ሆኖ ነበር። «ብሮንኮፐልሞናሪ ዲስፕሌዥያ» የሚል ምላስ የሚያስር ስም ሰጠው። እኛ ሥር የሰደደ የሳንባ ሕመም እንበለው። ከ32 ሳምንት በፊት ተወልዶ፣ ከእናቱ የወር አበባ ተቆጥሮ 36 ሳምንት ሲሞላው አሁንም ኦክስጅን ወይም የመተንፈሻ እርዳታ የሚፈልግ ልጅ ይህ ሕመም አለበት ይባላል። የእኛዋ 36 ሳምንት የሞላት በተወለደች በ49ኛው ቀን ነው። በዚያን ቀን ቱቦው አፍንጫዋ ላይ ነበር።

ታዲያ ቁጥሩ ቀድሞ ይናገራል?

ወጣቷ ይህንን ነው ደጋግማ የጠየቀችኝ። «በሁለተኛው ቀን 48 ሲል ሳንባዋ እንደሚጎዳ ያውቁ ነበር?»

ተመራማሪዎች ከሠላሳ ዓመት በላይ ይህንኑ ሲፈልጉ ኖረዋል። ከእትብት ደምና ከመጀመሪያዎቹ ቀናት ደም ኢንተርሉኪን 6ን፣ ኢንተርሉኪን 8ንና ሌሎቹን መልእክተኞች ለክተዋል። እነዚህ ከፍ ያሉባቸው ሕፃናት፣ ሁሉም ተደምረው ሲታዩ፣ ሳንባቸው የመጎዳቱ ዕድል ከፍ ያለ ሆኖ ተገኝቷል። ሁሉም ተደምረው ሲታዩ ነው ታዲያ! ለአንዲት ልጅ፣ «ያንቺዋ ትታመማለች፣ ያንቺዋ አትታመምም» ለማለት ግን አልበቃም። ቁጥሯ ጣራ የነካ ልጅ ደህና ወጥታ ትሄዳለች፤ ቁጥሯ ዝቅ ያለ ደግሞ ወራት ትከርማለች። እስከ ዛሬ ከሁሉ የተሻለው ነጋሪ በስንት ሳምንቷ ተወለደች፣ ስንት ግራም ነበረች፣ ስንት ቀን በመሣሪያ ተነፈሰች የሚለው ነው። ይህን ለማወቅ ደግሞ ደም መቅዳት አያስፈልግም።

ስለዚህ እህቴ፣ ወረቀቱን ያዢው፤ ግን ንግርት አታድርጊው።

እዚህ ላይ አንድ መራራ ነገር ልናገር። ይህ ሕመም የተረፉ ልጆች ሕመም ነው። ሀገራችን ውስጥ ስሙ እምብዛም ያልተሰማው ሳንባችን ከሌላው ስለጠነከረ አይደለም። እ.ኤ.አ. ከ2016 እስከ 2018 ጎንደርን፣ ጅማን፣ ጥቁር አንበሳን፣ ቅዱስ ጳውሎስንና ጋንዲን ባካተተ ጥናት ሙቀት ክፍል ከገቡ ከ3,800 በላይ ያለጊዜያቸው የተወለዱ ሕፃናት 29 በመቶው በ28 ቀን ውስጥ ሞተዋል። ከሟቾቹ 45 በመቶውን የወሰደው ያልበሰለ ሳንባ ሲሆን፣ 30 በመቶውን የወሰዱት ኢንፌክሽኖች ናቸው። አንድ ወር ያልሞላው ልጅ በ36ኛው ሳምንት ምን እንደሚያስፈልገው አይጠየቅም። ሙቀት ክፍሎች በተሻሻሉ ቁጥር ግን የእኛዋን የመሰሉ ልጆች ይበዛሉ። ቤት ሲገቡስ ምን እናድርጋቸው? ለዚህ የተዘጋጀን አይመስለኝም።

መርፌ፣ ጠርሙስና... ቡና!

ጉዳቱን የሚቀንሱ ነገሮች አሉ፤ ደግሞም ሁሉም ውድ አይደሉም።

የመጀመሪያው ከመወለዱ በፊት ለእናት የሚወጋ መርፌ ነው። ኒውዚላንዳዊው ሊጊንስ በጎች ላይ ሲመራመር፣ ያለጊዜያቸው የተወለዱ ግልገሎች ከዚህ ሆርሞን ሲያገኙ ሞተው መገኘት ሲገባቸው ሲተነፍሱ አገኛቸው። ከሥራ ባልደረባው ከሆዊ ጋር ሆኖ በሴቶች ላይ ሞክሮ እ.ኤ.አ. በ1972 አሳተመ። ዛሬ ዴክሳሜታዞን በየአሥራ ሁለት ሰዓቱ አራት ጊዜ ይወጋል። እ.ኤ.አ. በ2020 የወጣው የዓለም ጤና ድርጅት ጥናት፣ ኬንያንና ናይጄሪያን ጨምሮ በአምስት ሀገሮች፣ የሕፃናቱን ሞት ከ23.5 ወደ 19.6 በመቶ ዝቅ እንዳደረገ አሳይቷል። የእኛዋ እናት ሁለቱን ብቻ ነው ያገኘችው፤ ልጅቱ ቀደመች። ያን ውሃ ባየችበት ማታ ሄዳ ቢሆንስ? አራቱም ይደርሱ ነበር። ይህን ስነግራት ዝም አለች፤ ባልነገርኳት ብዬ ተጸጸትኩ።

ሁለተኛው «ሲፓፕ» ነው። ጉሮሮ ውስጥ ቱቦ ከመክተት ይልቅ በአፍንጫ አየር እየገፉ ከረጢቱ እንዳይጣበቅ ማድረግ። ቀላሉ ዓይነት የቱቦው ጫፍ ውሃ ያለበት ጠርሙስ ውስጥ ይነከራል፤ አምስት ሳንቲ ሜትር ከጠለቀ ግፊቱ አምስት ነው፤ ውሃው ይንተከተካል። «እንደ ሽሮ ድስት ሲንተከተክ ሌሊቱን ሙሉ እሰማው ነበር፤ ዝም ካለ እነቃለሁ» ትላለች እናትየው።

ሦስተኛውን ስሰማ የሳቅኩበት ነው፤ ካፌይን! አዎን፣ አቦሉ ውስጥ ያለው። ያለጊዜያቸው የተወለዱ ሕፃናት መተንፈስ ይረሳሉ። ካፌይን ያነቃቸዋል። እ.ኤ.አ. በ2006 በወጣው ትልቅ ጥናት ካፌይን ያገኙት ሳንባቸው የተጎዳው 36 በመቶው ሲሆን፣ ካላገኙት ደግሞ 47 በመቶው ነበር። ከመሣሪያው ቶሎ ስለተላቀቁ ነው። ይህን ያነበበች አያት ግን በጥጥ ቡና እንዳታጠባ አደራ! መድኃኒቱ በሚሊ ግራም ተለክቶ የሚሰጥ ነው፤ ስኒ ውስጥ ያለው የተለካ አይደለም።

አራተኛው የእናት ደረት ነው። ቦጎታ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1978 የሙቀት ሣጥን ስላነሰ የተጀመረው የካንጋሮ እንክብካቤ። በእኛም ሀገር ዶክተር ቦጋለ ወርቁና ባልደረባቸው አዲስ አበባ ላይ ሞክረውት እ.ኤ.አ. በ2005 ባሳተሙት ጥናት፣ ቶሎ እናታቸው ደረት ላይ ከተጣበቁት 22.5 በመቶ ሲሞቱ ከሌሎቹ 38 በመቶ ሞተዋል። ሙቀት ይጠብቃል፣ ጡት ያስጠባል፣ ኢንፌክሽን ይቀንሳል። ኢንፌክሽን ቀነሰ ማለት እሪታ ቀነሰ ማለት ነው። አባትም ይችላል። የእኛው አስጎብኚ ሸሚዙን ከፍቶ ልጁን ደረቱ ላይ ሲያስቀምጥ የክፍሉ እናቶች ሳቁበት፤ በሦስተኛው ቀን የሌሎቹም ባሎች ጀመሩ።

ቤት መግባት፤ ግን የቱ ቤት?

በ61ኛው ቀን ልጅቱ ያለ ቱቦ መተንፈስ ችላ «ውጡ» ተባሉ። ሐኪሙ ግን «ለጊዜው ወደ ደባርቅ አትውጡ» አላቸው። አያትየዋ ከዳባት ወርደው ይህን ሲሰሙ ተቆጡ። «ደጋ ነው ንጹሕ አየር ያለው! እኛ ሁላችን የት አደግን?»

እናቴ ትሙት፣ እኔም እንደሳቸው ነበር የማስበው። ነገሩ እንዲህ ነው። አየር ውስጥ ያለው የኦክስጅን ድርሻ የትም 21 በመቶ ነው፤ ከፍ ባልን ቁጥር የሚሳሳው አየሩ ራሱ ነው። ባሕር ዳርቻ 100 ብንለው፣ ጎንደር 77፣ ደባርቅ 70፣ ጨነቅ 65 ገደማ ነው። ዴንቨር የምትባለዋ የአሜሪካ ከተማ 1,600 ሜትር ብቻ ሆና እንኳ፣ እንዲህ ያሉ ልጆች ኦክስጅን ይዘው ቤታቸው መሄዳቸው የተለመደ ነው።

አያትየዋም ከንቱ አላወሩም። እ.ኤ.አ. በ2002 የወጣ የሲንትያ ቢል ጥናት በዚሁ በሰሜን ተራሮች ፓርክ 3,530 ሜትር ላይ የሚኖሩ አማሮችን ለክቶ የደማቸው ኦክስጅን ባሕር ዳርቻ እንደሚኖር ሰው ያህል ሆኖ ስላገኘው ዓለም ተደንቋል። ግን የተለኩት ሙሉ ሳንባ ይዘው የሚኖሩ ወጣቶችና አዋቂዎች ናቸው። ጅምር ሳንባ ላይ ይህን መመካት አይቻልም። ኦክስጅን ሲያንስ የሳንባ ደም ሥሮች ይጠብባሉ፤ ልብ ይደክማል።

ከዚያ የክርስትናው ነገር መጣ። ሴት በሰማንያ ቀኗ ነው፤ አያትየዋ በደብራቸው እንዲሆን ይፈልጋሉ። ቁጭ ብለን ስንቆጥር፣ በ29 ሳምንት የተወለደች ልጅ ሰማንያ ቀን ሲሞላት 40 ሳምንት ከሦስት ቀን ነች። ሰማንያዋ ማለት መወለድ የነበረባት ሰሞን ማለት ነው! የነፍስ አባታቸው ሲጠየቁ «እዚያው ጎንደር ትነሳ፤ ቤተ ክርስቲያን አንድ ነው» አሉ። ጎንደር ተነሳች፤ አያትየዋ ጠላውን በጄሪካን ይዘው ወረዱ።

አምስት ወር ሲሞላት ተለክታ ደባርቅ ወጣች። ማእድ ቤቱ ሌላ ነው፤ ጭስ ካለበት አትገባም። የሚያስል ጎረቤት ደጅ ሆኖ ይጠይቃታል፤ መጀመሪያ ሰው ተቀየመ። አያትየዋ ሳሉ እንዲለቃት ቅቤ ሊያውጧት ነበር፤ ቅቤው ወደ ሳንባ ከገባ ሌላ ምች ነው፤ ተከለከሉ። እንጥል ቆራጭ እንጥራ ያለም ነበር፤ ሳሉ ከእንጥል እንዳልመጣ፣ ምላጩ ግን ደም መፍሰስና ኢንፌክሽን እንደሚያመጣ ባልየው ራሱ ተከራከረ። በስድስተኛውና በዘጠነኛው ወር ሁለት ጊዜ አስተኝተዋታል፤ ትንፋሿ ሲያፏጭ፣ ጎኗ ሲሰረጉድ፣ ጡት ስትተው አልዘገዩም። እንዲህ ያሉ ልጆች የመጀመሪያዎቹን ሁለት ዓመታት ሐኪም ቤት ያዘወትራሉ። መልካሙ ወሬ የሳንባ ጓዳ በእነዚሁ ዓመታት መሠራቱን አለማቆሙ ነው። የተረገጠው ጓሮ ሁሉም ባይሆን ብዙው መልሶ ይበቅላል።

ሁለተኛው ቡና ሲቀዳ ባልየው ገባ። ልጁን ከጀርባዋ አውርዶ አቀፋት። ለፋሲካ እናቱ ዘንድ፣ ጨነቅ ሊያወጣት አስቧል፤ «እናቴ እስካሁን አላየቻትም፤ እሷ መንገድ አትችልም» ይላል።

«እኔ ልጄን ይዤ ጨነቅ አልወጣም። ስሙ ራሱ ጨነቅ!» አለች።

«ለሁለት ቀን ነው'ኮ።»

«ሰው ያሲዟት፣ በበቅሎ ትውረድ።»

ሁለቱም ወደ እኔ ዞሩ። «ከመውጣታችሁ በፊት ልጅቱን የሚያያትን ሐኪም ጠይቁ፤ ኦክስጅኗን ለክቶ ይንገራችሁ» አልኩ። እሷ አራቱን ወረቀቶች አጥፋ መልሳ ቋጠረች። እሱም ስልኩን አውጥቶ እናቱን ለመደወል ወደ ደጅ ወጣ።